የክረምት የጥበብ ኮርስ፦ 20,200 ብሬ የት እንደገባ ቁጭ ብዬ ያየሁበት ቀን

ክረምት ሲገባ የኛ ቤት ችግር ስልክ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ልጄ ሶፋ ላይ ትተከላለች። 14 ዓመቷ ነው፤ የምትነሳው ቻርጀር ፍለጋ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ከአዳማ መጥቶ እኛ ጋ ከረመ። እሱ 16 ነው፤ ቁመቱ በር ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ወሬው ግን በቀን አሥር ቃል አይሞላም። ውጪ ዝናብ፣ ውስጥ ዋይፋይ፣ እኔና ባለቤቴ ሥራ። ሁለቱን የሆነ ቦታ ማስገባት ነበረብኝ።

ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ለታዳጊዎች የክረምት ሥልጠና፤ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ውዝዋዜና ፊልም፤ አምስቱም በአንድ ክፍያ ይላል። አምስት በአንድ ሲባል የኔ ቢጤ ወላጅ ልቡ ይከፈታል፤ ሳሙና እንኳ ሦስቱን በሁለት ዋጋ ሲሉን ሳያስፈልገን እንገዛ የለ። በልጅ 9,000 ብር ነው። ምዝገባ 500። ስንመዘገብ ያልተነገረኝ፣ ኋላ ግን ግዴታ የሆነ ቲሸርት 600። ለሁለት ልጅ 20,200 ብር ማለት ነው። ስድስት ሳምንት፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 9:00 ሰዓት።

የቦታውን ስም አልጽፍም። ጥሩ ጥሩውን የሠሩት አስተማሪዎች እንጀራቸው እዚያው ነው። ደግሞ ጉድለቱ የዚህ ቦታ ብቻ አይመስለኝም፤ ጓደኛዬ ልጇን ሌላ ሰፈር አስገብታ የነገረችኝ ከኔ ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

ልጆቹን ማታ ማታ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስላቸው ልጄ «ብዙ ነገር» ትላለች፤ የወንድሜ ልጅ ትከሻውን ይሰብቃል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ወላጅ መጥቶ ማየት ይችላል ተብሎ ስለነበር ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩና አብሬያቸው ሄድኩ። እንደ ተማሪ ማለት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ውሃና ብስኩት ሁሉ ይዣለሁ። የጾም ብስኩት፤ ፍልሰታ ነው።

መግቢያው ላይ ያሉት ጥበቃ ጨዋ ሰው ናቸው። ልጅ የሚወስደውን ሰው ስም በመዝገብ ይዘዋል፤ ያልተመዘገበ ሰው ቢመጣ ለወላጅ ሳይደወል ልጅ አይወጣም። ይህን አደነቅኩ። ሌላው ያደነቅኩት ደግሞ ስልክ ነው። በር ላይ አንድ የካርቶን ሳጥን አለ፤ ሁሉም ስልኩን እዚያ ያስቀምጣል። ልጄ ሳታጉረመርም አስቀመጠች። እኔ ቤት እንዲህ ብላት ሦስት ቀን ታኮርፈኛለች! ለዚህ ብቻ ከ9,000ው 2,000ው ይገባቸዋል።

ከዚያ ግን ሰልፍ አለ። አስተባባሪው ማይክ ይዞ ስለ ነገ አገር ተረካቢዎች ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገረ። የነገዎቹ አገር ተረካቢዎች ያዛጋሉ። ጫማቸው ጭቃ ነው፣ አዳራሹ ደግሞ ሴራሚክ፣ ሴራሚኩ እርጥብ። ይህ ነገር ቀጥሎ ለሚመጣው ውዝዋዜ ጥሩ አይደለም ብዬ በልቤ አልኩ። እንዳልኩትም ሆነ።

ልጆቹ በዕድሜ ሁለት ቡድን ናቸው፤ ትንንሾቹና ከ15 በላይ ያሉት። በቀን አራት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ። የልጄ ቡድን በውዝዋዜ ጀመረ። አስተማሪው ጎበዝ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ይስቃል። ግን ስፒከሩ ከስልኩ ጋር አልገናኝ ብሎ አሥራ አምስት ደቂቃ ሄደ። ሴቶቹ አማፒያኖ ይከፈትልን ይላሉ፣ እሱ ጉራጌኛ ነው የዛሬው ይላል። በመጨረሻ ጉራጌኛው ተከፈተ። ያለ ጫማ ይሁን ቢባል ወለሉ በረዶ ነው፣ በጫማ ይሁን ቢባል ያንሸራትታል። ሁለት ልጆች ወደቁ፤ ደግነቱ ምንም አልሆኑም። እኔም ከኋላ ቆሜ ትንሽ ሞከርኩ። ጉራጌኛ ከሩቅ ሲያዩት እጅ ይመስላል፣ ሲገቡበት እግር ብቻ ነው። ጉልበቴ እስከ ረቡዕ አመመኝ። የውዝዋዜውን ነገር በዚህ እንለፈው።

ሁለተኛው ክራር ነበር፤ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

አሥራ ሁለት ልጅ፣ አምስት ክራር። ማስታወቂያው ላይ «የሙዚቃ መሣሪያ እኛ እናቀርባለን» ይላል፤ ቁጥሩን አይልም። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይጋራሉ። አስተማሪው ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ወጣት ነው። ገብቶ ምንም አላለም፤ ተቀምጦ መቃኘት ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ቃኘ። ከጎኔ የተቀመጠች ሌላ እናት (እሷም እንደኔ ሰላይ ናት) በጆሮዬ «በኔ ብር ነው የሚቃኘው?» አለችኝ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የተሰማኝ።

ኋላ ነው የገባኝ። ክራር ክረምት አይወድም። ቆዳው እርጥበት ይጠጣል፣ እንጨቱም እንደዚያው፤ ማታ የተቃኘው ጠዋት ከቅኝቱ ወጥቶ ይገኛል። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ አፕ አለ እኮ፣ ስልኬን ከሳጥኑ ላምጣ?» አለው። አስተማሪው ሳቀና «በጆሮህ ቃኝ፤ ከዚያ በአፑ እናረጋግጣለን፤ መጀመሪያ አፑን ካመጣህ ግን ጆሮህ ሥራ ይፈታል» አለው። ልጁ ቃኘ። አሥር ደቂቃ ፈጀበት። ሲጨርስ አስተማሪው አንድ ክር ብቻ ነካ አድርጎ መለሰለት፤ ልጁ ፊቱ በራ።

ከዚያ ያደረገውን ነገር እስካሁን ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ክራሩ ስድስት ክር ነው፤ ግን አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይደግመዋል። ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ቃኘውና አንዴ ደረደረው። ሰፊ፣ ብሩህ ነገር ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ የተቀመጡ ይመስላል። ቀጥሎ ሁለት ክር ብቻ ትንሽ ትንሽ አላላ። ሌላውን አልነካም። ያንኑ በዚያው ጣት ደረደረ። ክፍሉ ዝም አለ። ትዝታ ማይነር ሆነ። ያው ክራር፣ ያው ጣት፣ ሁለት ክር ብቻ ነው የተነካው፤ ግን ለቅሶ ቤት የገባን ያህል ሆነ። ልጄ ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን አፈጠጠች። «ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ የትኛው ክር እንደሚነካ ማወቅ ነው» አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ትዝታ ስሰማ ኖሬ ይህን የነገረኝ የለም።

ልጆቹ እንሞክር ማለት ሲጀምሩ ሰዓት አለቀ። በር ተንኳኳ፤ የሚቀጥለው ቡድን ቆሟል። ሃያ ደቂቃ ቅኝት፣ አሥር ደቂቃ የልጁ ቅኝት፣ አሥር ደቂቃ ማሳያ፤ የቀረውን አሥር ደቂቃ አሥራ ሁለት ልጅ በአምስት ክራር ተካፈለው። ልጄ ክሮቹን የነካችው ምናልባት አርባ ሰከንድ ይሆናል።

ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። ስድስት ሳምንት በሦስት ቀን 18 ቀን ነው። በቀን አራት ክፍለ ጊዜ ሲባዛ 72። ለአምስት ትምህርት ሲካፈል ለአንዱ አሥራ አራት ምናምን ክፍለ ጊዜ ይደርሰዋል። በየክፍለ ጊዜው ለመግባትና ለመውጣት አሥር ደቂቃ ብትቀንሱ፣ አንድ ልጅ በክረምቱ ሙሉ ከክራር ጋር የሚያሳልፈው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ክራሩን ደግሞ ለሌሎች ማጋራቱን ጨምሩበት። አምስት በአንድ ያልኩት ነገር ሲፈታ ይኸው ነው፤ አምስቱም አንድ አምስተኛ ናቸው።

ክራሩ ክፍል ሳለን አንድ ሌላ ነገር ሆነ። ከውጪ ዱላ ሲመታና «ሆ!» ሲባል ተሰማ። የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ሆያ ሆዬ። የቡሄ ዋዜማ አይደል። አስተማሪው እጁን ክሩ ላይ ጭኖ ዝም አሰኘውና «አውራጁን ስሙት» አለ። ሰማን። የስምንት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። የጥበቃውን ስም እየጠራ፣ ኮታቸውን እያሞገሰ፣ ግጥም እየገጠመ ያወርዳል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። «ይህ ልጅ እያሰበ ነው የሚያወርደው፤ ምቱን ግን አልለቀቀም፤ እናንተ ገና የምትደርሱበት እዚያ ነው» አለ አስተማሪው። እኔ ልቤ ሞቀ። አሁን ያስገቧቸዋል ብዬ ጠበቅኩ።

አባረሯቸው። አስተባባሪው ከቢሮ ወጥቶ «ክፍል ይረብሻሉ፣ አስወጡልኝ» አለ። ጥበቃው ከኪሳቸው አሥር ብር አውጥተው ሰጧቸው፤ ከቢሮው የሰጠ የለም። በሩ ላይ በትልቁ ስለ ባህልና ጥበብ የተጻፈ ባነር አለ፤ ልጆቹ ከባነሩ ሥር ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ከስድስት ሳምንቱ ውስጥ የተናደድኩት በዚህ ነው፤ በቲሸርቱ ገንዘብ እንኳ እንደዚህ አልተናደድኩም።

ትንሽ ሾልኬ የወንድሜን ልጅ ቡድን ለማየት ሄድኩ። ቴአትር ላይ ነበሩ። አስተማሪዋ ወንበር ደርድራ ታክሲ ሠርታለች። አንዱ ሹፌር፣ አንዷ ረዳት፣ ሌላው ተሳፋሪ። ልጆቹ ሁሉ ይጮሃሉ፤ ቴሌቪዥን ላይ ያዩትን ኮሜዲ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሰካራም ሆነ፣ አንዷ አሮጊት ሆና ጎብጣ «ወራጅ አለ!» ብላ ጣሪያውን አነቃነቀችው። አስተማሪዋ አስቆመቻቸው። «ካሜራ የለም፤ ለማን ነው የምትጮኹት?» አለች። ከዚያ በጣቷ ወደ ኋላ ወንበር አሳየች። የኛው ልጅ ግንባሩን በሌለ መስኮት ላይ አስደግፎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ ታክሲው በታጠፈ ቁጥር አንገቱ እየተወዛወዘ ተኝቷል። «እሱን እዩት። ምንም አልሠራም። ግን ታክሲ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው።» ሁሉም አጨበጨበለት። ኮራሁ። ማታ ስጠይቀው «አክስቴ፣ የምሬን እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» አለኝ።

ሴትዮዋ ግን አስተማሪ ናት። እየሮጠች ነው የምታስተምረው፤ በሩ ሊንኳኳ መሆኑን ታውቃለች፤ ሰዓቷን አምስት ጊዜ አየች።

ምሳ። እዚህ ላይ አጭር ልሁን፣ ምክንያቱም ምሳውም አጭር ነበር። ምሳ በክፍያው ውስጥ የለም፤ ግቢው ውስጥ ያለችው ካፌ ትሸጣለች። ሜኑው እንቁላል ሳንድዊች፣ በርገር፣ ቺፕስ ነው። ፍልሰታ ላይ ነን እኮ! ከግማሽ በላይ የሆነው ልጅ የሚጾም ነው፤ እነሱ ቺፕስ በካቻፕ በልተው ዋሉ። አንድ ድስት ሽሮ ወይም ፓስታ በአትክልት መሥራት ምን ያህል ያስቸግራል? ከቤት ምሳ ዕቃ ይዘው የመጡት ነገሥታት ነበሩ፤ የአንዷ ልጅ ምስር ወጥ አራት ሰው በላው። አንዱ ልጅ ደግሞ እናቱ የጋገረችውን ሙልሙል በፌስታል ይዞ መጥቷል፤ ለቡሄ። ሙልሙሉን አስታውሱልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም። ባልዲ አለ፣ ባልዲው ውስጥም የለም። የ14 እና የ15 ዓመት ሴት ልጆች ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይውሉበታል። ስለዚህ ጉዳይ ለቢሮው ስነግራቸው «የሰፈሩ ችግር ነው» አሉኝ። ሊሆን ይችላል፤ ሮቶ ግን የተፈጠረው ለዚህ አይደለም እንዴ?

ከምሳ በኋላ ፊልም ነበር። አስተማሪው ሁለተኛ ሳምንቱ ነው አልመጣም፤ «ቀረጻ ላይ ነው» ይባላል። ረዳቱ ፕሮጀክተር ከፍቶ ዩቲዩብ ላይ ስለ ካሜራ የሚያወራ ቪዲዮ አሳያቸው። ስልክ በር ላይ ነጥቆ፣ ዩቲዩብ ለማየት 9,000 ብር! ልጄን አየኋት፤ ያችው የሶፋዋ ፊት ተመልሳለች። የሚገርመው ቀላል ነገር ነው፤ ስልካቸውን መልሰው ሰጥተው «አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ በአምስት ሾት ቅረጹ» ቢሏቸው እኮ ቀኑን ሙሉ ይሠሩ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳየን መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ የሚያበራው ቢሮውን ብቻ ነው። አስተባባሪው ትንሽ ተንጎራደደና ሁለቱንም ቡድን የሥዕል ክፍል ውስጥ አስገባቸው፤ «እስከ መውጫ እዚያው ቆዩ» አለ። ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ሃያ አራት ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የሚንኳኳ በር የለም። ይህን ቦታ ለምን ሙሉ በሙሉ እንዳልጣልኩት ከጠየቃችሁኝ መልሱ ይህ ሰዓት ነው።

የሥዕል አስተማሪው ጠና ያለ ሰው ነው፤ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። ያ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው መጥተው ያቋቋሙትና በ1950 ዓ.ም. የተመረቀው። አንዷ ልጅ «እዚያ ለመግባት ነጥብ ስንት ነው?» ስትለው «ነጥቡ ይቆይና፣ ቁጭ ብለሽ ትስያለሽ፤ የተግባር ፈተና አለ» አላት። ልጅቷ ወረቀቷን ጠጋ አደረገች።

መብራት መጥፋቱን ሲሰማ ደስ አለው። እውነቴን ነው። «አምፖሉ ጥላውን ሲያጠፋብን ነው የከረመው» አለና ሁለቱን መጋረጃዎች ዘጋ፣ አንዱን መስኮት ብቻ ተወ። ክፍሉ መሃል ዱካ አስቀመጠ፣ ዱካው ላይ ማቶት፣ ማቶቱ ላይ ጀበና። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ጀበናዋ ሆድ አወጣች፤ አንድ ጎኗ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ሌላው ጎኗ ድቅድቅ ጨለማ። ጠዋት በአምፖል ሲያዩዋት ጠፍጣፋ ነበረች አሉ ልጆቹ።

ከሰልና ትልልቅ ወረቀት አደለ። ሁሉም ጀበና ሳሉ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ዞሬ አየሁ፤ ሃያ አራቱም አንድ ዓይነት ነው። የቡና ቤት ታፔላ ላይ ያለችው ጀበና፤ ክብ ሆድ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ጎኗ ላይ ጆሮ፣ ከላይ ጭስ። ጭስ! ጀበናዋ እኮ ባዶ ናት።

«ጀበና ታውቃላችሁ፤ ችግሩ እሱ ነው» አለ አስተማሪው። «የምታውቁትን ነው የሳላችሁት፣ የምታዩትን አይደለም። ወረቀቱን ገልብጡ። አሁን ጀበናውን እንዳትስሉ። በእጀታውና በሆዱ መሃል ያለች ባዶ ቦታ አለች አይደል? እሷን ሳሉ። ቀዳዳዋን።»

ሳቁ። ከዚያ መሞከር ጀመሩ፤ ሳቁ ቆመ። ቀዳዳ ስም የለውም፣ ታፔላ ላይ የለም፤ ስለዚህ ማየት ግድ ነው። እኔም ወረቀት ተሰጠኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው ምንም ነገር የምስለው። ያቺ ቀዳዳ፣ ከዚህ ከተቀመጥኩበት ሆና፣ እንደ ባቄላ ናት፤ የታችኛው ጫፏ ሾል ይላል። ባቄላዋን ሳልኳት። ከባቄላዋ ዳር እጀታው ራሱ መጣ፣ ከእጀታው ሆዱ መጣ። በሕይወቴ የሳልኳት የመጀመሪያዋ እውነተኛ ጀበና ናት፤ ትንሽ ሰክራለች እንጂ።

ቀጥሎ «ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ፣ ልትተኙ እንደሆነ» አላቸው። ጨፈን ስታደርጉ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። የወንድሜ ልጅ በዚህ አይታማም። ጥላውን በከሰሉ ጎን ሰፋ አድርገው አስቀመጡ፣ በጣታቸው አሹ። ፊታቸው ሁሉ ጥቁር ሆነ። ብርሃኗን ለማውጣት ላጲስ ሲፈልጉ አስተማሪው «ዳቦ ያለው አለ?» አለ። ሙልሙሉ መጣ! ለስላሳውን የውስጡን ክፍል በጣት ማሸትና እንደ ሊጥ ማድረግ ነው፤ ከሰሉን ስቦ ያነሳዋል፣ ወረቀቱን አይቧጭረውም። ድሮ ሠዓሊዎች ላጲስ ሳይመጣ በዚህ ነበር የሚሠሩት አለ። የሙልሙሉ ባለቤት መጀመሪያ ቅር አለው፣ ኋላ ግን የክፍሉ ንጉሥ ሆነ፤ ሁሉም «እባክህ ትንሽ» እያለ ይለምነዋል። አንዱ ልጅ ላጲሱን በላው። ጥቁሩን አይደለም፣ ገና ያልተነካውን።

ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ሃያ አራት ታዳጊ ያለ ስልክ፣ ያለ መብራት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አንድ ጀበና ሲያዩ አየሁ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። አስተማሪው እየዞረ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ የልጁን ወረቀት አይነካም፤ ራሱ ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ይዞ እዚያ ላይ ያሳየዋል። ልጄ ጋ ሲደርስ «አንገቷ የት ነው ያለቀው?» ብቻ አላትና አለፈ። ሃያ ደቂቃ አንገቷን ስትፈልግ ቆየች። ጠርታ «እማ፣ ነይ እዪ» ስትለኝ ጀበናዋ ወረቀቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ክብደት አላት፤ ብትነኩ የምትወድቅ ነው የምትመስለው።

መጨረሻ ላይ ከሰሉ እንዳይረግፍ ሄር ስፕሬይ ነፋበት፤ ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ውድ ስለሆነ ነው። ክፍሉ ፀጉር ቤት ፀጉር ቤት ሸተተ። መስኮት ክፈቱ አለ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ሁሉም ሰው ዓይኑን አሸ።

ስወጣ አስተማሪውን «ሁልጊዜ እንዲህ ብትሠሩ ምን ነበረበት?» አልኩት። «ሁልጊዜ 50 ደቂቃ ነው ያለኝ፤ ወረቀት አድዬ፣ ስም ጠርቼ፣ ሲሞቅላቸው ያልቃል። መብራት ኃይልን አመስግኚ» አለኝ።

እንግዲህ ማስገባት ለምታስቡ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። አስተማሪዎቹ ከቦታው ይበልጣሉ፤ ፊልሙን ትቼ ነው። ልጃችሁ ምን እንደሚወድ ጨርሶ የማታውቁ ከሆነ አምስቱንም ቀምሶ ለማወቅ ይጠቅማል፤ በቀን 500 ብር ለቅምሻ ብዙ ነው ግን ይሁን። የሚወደውን ካወቃችሁ ግን አንዱን ብቻ የሚያስተምር ፈልጉ። ከመመዝገባችሁ በፊት መሣሪያው ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፤ «እናቀርባለን» በሚል እንዳትሸወዱ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ትምህርት የለም፤ የመዝጊያ ዝግጅት ልምምድ ነው፤ ሰርተፍኬት፣ ፎቶ፣ ንግግር። የኔዋ ልጅ በዝግጅቱ ላይ የተሰጣት ሚና ባነር መያዝ ነበር።

ብሮሹሩ ላይ የነበረው የአፍሪካ አዳራሽ ጉብኝትም ቀረ፤ በዝናብ ምክንያት ተባለ። አዳራሽ ውስጥ ምን ዝናብ አለ? ልጄ የሠዓሊውን የአፈወርቅ ተክሌን መስታወት አያለሁ ብላ ስትጠብቅ ነበር፤ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት እንዴት እንደሚቆም ማየት ነው የፈለገችው። እኔ በምትኩ አንድ ቅዳሜ ሁለቱንም በአውቶቡስ ይዣቸው ስድስት ኪሎ ወዳለው የሥዕል ሙዚየም፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄድን፣ ከዚያ በእግር ወርደን ብሔራዊ ሙዚየም። ያ ቀን ከምሳችን ጋር እንኳ ከቲሸርቱ ዋጋ ብዙም አልበለጠም። የወንድሜ ልጅ አንድ ሥዕል ፊት አሥር ደቂቃ ያህል ቆመ። ምን እንዳየ አልነገረኝም።

ለሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ለሚመዘገብ ቅናሽ አለ ብለው ቴሌግራም ላይ ልከውልኛል። ደውዬ «ልጄ ሥዕል ብቻ ነው የምትፈልገው፤ የሥዕሉን ብቻ ከፍለን ረዘም ያለ ሰዓት ማግኘት እንችላለን?» አልኳቸው። «ፓኬጁ አይነጣጠልም» አሉኝ። እሺ።

ቤት ውስጥ ጀበናዬ ከወጥ ቤት ጠፍታ ነው የምትውለው፤ ሞዴል ሆናለች። ሦስት ጊዜ እንግዳ ተቀምጦ ቡና ለማፍላት ከልጄ ክፍል ለምኜ ነው ያመጣኋት። በክረምት ሥዕል ብቻ የሚያስተምር፣ ልጆቹን ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚያስቀምጥ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ስሙ ባይታወቅም ግድ የለም፣ ቲሸርትም አንፈልግም። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ካለው ደግሞ እሰየው።